አንዱ ለአቧራ፣ አንዱ ለሥራ

ኅዳር 10 ቀን 2017 ዓ.ም. ጠዋት፣ ሸሕዲ ከተማ ውስጥ በሰሊጥ ነጋዴው በሳሊም መጋዘን በር ላይ፣ አፉ እስከ እኩሌታው የተሰፋ አንድ የሰሊጥ ጆንያ ቆሞ ቀረ። መርፌው ከነሲባጎው ተንጠልጥሎ ነበር። ይሰፋ የነበረው አባቴ ዋሴ ነው። ደረቱን ያዝ አድርጎ ጆንያ የሚሸከመውን ሐማል ጀይሉን "ውኃ አቀብለኝ" አለው። ውኃው ሲመጣ የሚጠጣው አልነበረም።

የሞቱ ምክንያት የልብ ሕመም ነው። በምሠራበት ሆስፒታል የካርድና የመዝገብ ክፍል ኃላፊ እኔ ነኝ፤ የዚያን ዕለት ግን መዝገቡን የሞላችው ባልደረባዬ ናት። ልክ ጽፋለች። ይህን የምለው በልቅሶው ድንኳን ሌላ ወሬ ስለሰማሁ ነው። ሁለት ሰዎች ቁጭ ብለው "ያ ሽታ ነው በመጨረሻ የበላው" ሲባባሉ አለፍኋቸው። ያኔ ለማረም አቅም አልነበረኝም። አሁን አለኝ። ሽታው አባቴ ከመሞቱ ሁለት ዓመት ገደማ በፊት አልቋል፤ ያለቀውም በደህና ነው። እንዴት እንደ ጀመረና እንዴት እንዳለቀ እነሆ።

አባቴ የጎጃም ደገኛ ነው። ወደ ቆላው የወረደው እንደ ብዙው የአገሩ ጎረምሳ ለሰሊጥ አረም ነበር። ከአረሙ ለአጨዳው ቆየ፤ በአጨዳው እናቴን ታንጉትን አገኘና ቀረ። እናቴ "ለሁለት ወር መጥቶ ሠላሳ ዓመት የተቀመጠ እንግዳ" ትለው ነበር። አነጋገሩን አልለወጠም፤ ልጆች ሆነን ጎጃምኛውን እየደገምን ስንስቅበት እሱም አብሮን ይስቅ ነበር።

አፍንጫው የታወቀው ሂላ ሲጠብቅ ነው። ሂላ የምንለው የታጨደ ሰሊጥ እስኪደርቅ ድረስ ነዶው እርስ በርስ ተደጋግፎ የሚቆምበትን ክምር ነው። አንድ ቀን ለአሠሪው "ይኼኛው ሂላ ከሥሩ ተበላሽቷል" አለው። ሲፈቱት ዝናብ ገብቶበት ሻግቶ ተገኘ። ወሬው ለሳሊም አባት ደረሰ። እሳቸው አባቴን ከሜዳ አንሥተው መጋዘን በር ላይ አስቀመጡት፤ እሳቸው ሲያልፉም ልጃቸው ሳሊም እዚያው አቆየው።

ሥራው እንዲህ ነበር። የጆንያውን ጎን ውስጡ ባዶ በሆነ ሹል ብረት ይወጋዋል፤ በብረቱ ቦይ የወረደውን ሰሊጥ በመዳፉ ይቀበላል፤ ገለባውን እፍ ብሎ ያባርራል፤ በሁለት እጁ እስኪሞቅ ድረስ ያሸዋል፤ ከዚያ ዓይኑን ጨፍኖ ያሸታል። ዝናብ የነካው ሰሊጥ ለዓይን ደህና ይመስላል። ሲሞቅ ግን የተበላሸ ዘይት ይሸታል። አባቴ "ይግባ" ካለ ይገባል፤ "ይመለስ" ካለ ይመለሳል። የሚከራከረው ሰው አላየሁም። ሻጩም ገዢውም የሚያምነው ስለነበር ጭቅጭቅ አያውቀውም።

ይህ አፍንጫ የቤታችን ሕግ አውጪ ነበር። ሰሊጥ በሚገባበት ወራት ቤት ውስጥ ጥሬ ሽንኩርት አይበላም፤ ሽታ ያለው ሳሙና አይገዛም። እናቴ ከመተማ ዮሐንስ የሚመጣላትን የሱዳን ሽቶ ቆልፋ ታስቀምጠዋለች፤ የሠርጉም ወራት ያው ነው። "ሙሽሮቹ ሁሉ ወልደው ከብደው ሲያበቁ እኔ ያን ጊዜ ለሠርጋቸው እቀባለሁ" ትላለች።

በ2015 አዝመራ ሳሊም የሰሊጥ ማበጠሪያ ማሽን አስመጣ። ማሽኑ ሰሊጡን ከአፈርና ከገለባ ጥሩ አድርጎ ይለያል፤ የለየውን አቧራ ግን የሚልከው ሠራተኛው ፊት ላይ ነው። ሐማሎቹ በነጠላ ተሸፋፈኑ፤ አልሆነም። ያን ጊዜ ጀይሉ ዘዴ አመጣ። ከአሮጌ ትራክተር ወንበር ስፖንጅ እየቆረጠ፣ የሰሊጥ ዘይት እያስነካ፣ ሁለቱንም የአፍንጫ ቀዳዳ ይደፍን ጀመር። ሁሉም ተከተሉት። ቀኑን ሙሉ አፋቸውን ከፍተው እየተነፈሱ ሲሸከሙ ይውላሉ።

"እንካ አያ ዋሴ፣ ያንተንም ቆርጫለሁ" አለው።

"ሁለቱንም ከደፈንሁ እኔ እዚህ ምን እሠራለሁ? ጆንያ ልቆጥር ነው?"

"እንግዲያ አቧራውን ዋጥ።"

አባቴ ትንሽ አሰበና አንዱን ስፖንጅ ብቻ ወሰደ። በግራው ቀዳዳ ከተተው፤ ቀኙን ክፍት ተወው። "አንዱ ለአቧራ፣ አንዱ ለሥራ" አለ። ንግግሩ ተወዶ የመጋዘኑ ቀልድ ሆነ። ጠዋት ጠዋት ጀይሉ "ዛሬ የትኛው ተረኛ ነው?" እያለ ይቀበለው ነበር።

ማታ ስፖንጁን በጣቱ እያወጣ ይጥላል። አንድ ቀን ማውጣቱን ሳይጀምር አስነጠሰውና የሆነ ነገር ተፈናጥሮ ሲወድቅ አየ። "ወጣ" ብሎ ሄደ። ማስነጠሱ ስላስቸገረው ከዚያ ወዲህ ሌላ ስፖንጅ አልደፈነም፤ ከዚህ በላይም አላሰበበትም።

ከሁለት ሳምንት በኋላ ገደማ ቤት ሲገባ ቆም አለ። "እዚህ ቤት አይጥ ሞታለች" አለ።

እናቴ ዞር ዞር ብላ አየች። "የምን አይጥ?"

"አይሸትሽም?"

"ምንም አይሸተኝም" አለችና ወደ በሩ ዞረች። እኔ ልጠይቃቸው መጥቼ እዚያው ነበርሁ፤ ይህን አዟዟሯን ግን ያኔ ልብ አላልሁትም፤ ኋላ ነው የገባኝ።

አልጋው ወጣ። ቁም ሣጥኑ ተነቀለ። አይጥ የለም። በማግሥቱ የአንዱን ጥግ ወለል ቆፈረ። የተገኘው እኔ በልጅነቴ የጣልሁት አንድ ቁልፍ ብቻ ነው።

ጀይሉ ነገሩን ሰምቶ ኖሮ ጠዋት ጠበቀው። "አያ ዋሴ፣ አይጧ ተገኘች?"

"አልተገኘችም።"

"ተዝካሯን ሳናወጣላት ልትቀር ነዋ።"

አባቴ ሳቀ። ሽታው ግን እየባሰ ሄደ። ቤትም፣ መንገድም፣ ቤተ ክርስቲያንም ያው ነው። መጋዘኑ በር ላይ ብቻ የሰሊጡ ሽታ ይሸፍንለት ነበር፤ የወይዘሮ ዙፋን ሰሊጥ እስኪመጣ ድረስ።

ዙፋን ከሸሕዲ ወጣ ብሎ ባለ መንደር ባሏ ከሞተ ጀምሮ እርሻውን ራሷ የምታሳርስ ሴት ናት። ሰሊጧ በንጽሕናው የታወቀ ነው፤ ጆንያ ከመሙላቷ በፊት በገዛ ወንፊቷ ታሳልፈዋለች። የዚያን ዕለት አባቴ ጆንያዋን ወጋ፤ አሸ፤ አሸተተ። ሌላ ወጋ። ሦስተኛ ወጋ። ሁሉም ያው የተበላሸ ዘይት ሸተተው።

"ይመለስ" አለ።

ዙፋን የሰማችውን አላመነችም። "የኔ ሰሊጥ? ምን ተገኘበት?"

"ሻግቷል።"

"ጋሼ ዋሴ፣ ሂላዬ ሲቆም አንዲት ጠብታ አልነካውም። እስቲ እንደገና ያሽትቱት።"

እንደገና አሸተተ። "ሻግቷል፣ እኅቴ።"

ሳሊም መጥቶ እሱም በእጁ አሽቶ አሸተተው። "ያ ዋሴ፣ እኔን ደህና ይሸተኛል። ወላሂ ደህና ነው።" ትንሽ ጠበቀ። አባቴ ብረቱን ወደ ቦታው መለሰ። ሳሊም እጁን አራገፈ። "እንግዲህ እሱ ያለው ነው። ይመለስ።"

ዙፋን አልጮኸችም። ጆንያዎቿን ራሷ ከሐማሎቹ ጋር እየገፋች መልሳ አስጫነች። በዚያ ሳምንት ገበያው ሁሉ ዙፋን እንዲከብድላት ሰሊጧ ላይ ውኃ ረጨች ብሎ አወራ። እንዲህ ያለ ስም በአንድ ቀን ይወጣል፤ ሲጠፋ ግን ዓመታት ይፈጃል።

በማግሥቱ ጠዋት አባቴ ፊቱን ሊታጠብ ከበርሜል ውኃ ቀዳ። ውኃው የተበላሸ ሰሊጥ ሸተተው። ጣሳውን እንደ ያዘ ብዙ ቆመ። የሸተተው የዙፋን ሰሊጥ እንዳልነበር ያን ጊዜ ነው የገባው። ችግሩ ከራሱ ነበር።

አጎቴ ምናለ፣ የአባቴ ታላቅ ወንድም፣ የሞተው እኔ ገና ትምህርት ቤት ሳለሁ ነው። ምናለ በተቀመጠበት "ምን ተቃጠለ?" ይላል፤ የተቃጠለ ነገር የለም፤ ወዲያው ይወድቃል። መጀመሪያ ጸበል ወሰዱት። በመጨረሻ ጎንደር ሲመረመር ጭንቅላቱ ውስጥ እብጠት ተገኘበት፤ ብዙም አልቆየም። ወንድሙን አዝሎ ከሐኪም ቤት ያወጣው አባቴ ነበር። አሁን የሌለ ነገር ሲሸተው ሌላ አላሰበም። ተራው የኔ ነው አለ፤ ለማንም ግን አልተናገረም።

ለሳሊም ወገቤን አሞኛል ብሎ ሥራውን አቆመ። ሳሊም "ወገብህን ነው ወይስ ሌላ ነገር አለ?" ብሎ ጠየቀው። "ወገቤን" አለ። ቤት ዋለ፤ ግን አልተኛም። የጣራውን ቀዳዳ ደፈነ። የተቆፈረውን ወለል ደለደለ። የአጥሩን በር አጠበቀ። ለእናቴ የትኛው ቁልፍ የትኛውን በር እንደሚከፍት እያዞረ አሳያት። እናቴ ለእኔ ደውላ "አባትሽ መንገደኛ ሆኖብኛል። ቤት ያስረክበኛል" ስትለኝ ሥራዬን ትቼ መጣሁ።

ሁሉንም የነገረኝ አጥሩ ሥር ተቀምጦ ነው። ከሚፈራው ሁሉ በፊት ያነሣው ዙፋንን ነበር። "ሴትዮዋን በደልኋት። መንገር አለብኝ። ስነግራት ግን ምናለን ያገኘው አገኘኝ ልላት ነው። ገና ለናትሽ ያልነገርሁትን።"

"እስቲ ይታይ አባ፣ ሳይታይ ምን ይታወቃል?"

"ከታየማ ይታወቃል" አለ። እምቢታው ከዚህ ነበር። ሳይታይ እስከ ቆየ ድረስ ቢያንስ ስም አልተሰጠውም። ሦስት ቀን ለመንሁት። በአራተኛው የዙፋንን ስም ጠርቼ "እሷስ እስከ መቼ ትጠብቅ?" ስለው ጫማውን አጠለቀ።

እኔ በምሠራበት ሆስፒታል ያየው ባህሩ የሚባል ጤና መኮንን ነው። ዕድሜው ለጋ ነው፤ ግን አይቸኩልም።

"ምን ይሸትዎታል፣ አባባ?"

"የተበላሸ ሰሊጥ።"

"መጣ ሄድ ይላል ወይስ ሁልጊዜ ነው?"

"እንቅልፍ ሲወስደኝ ብቻ ነው የሚተወኝ።"

"ሲሸትዎ ይወድቃሉ? ራስዎን ይስታሉ?"

"እስካሁን አልወደቅሁም።" ከዚያ ወደ ፊት ጠጋ አለ። "ልጄ፣ አትደብቀኝ። እኔ ነገሩን አውቀዋለሁ። ወንድሜ የሞተበት ነው።"

ባህሩ ስለ ምናለ ሁሉንም ጠየቀው፤ ምን እንደሚሸተው፣ ለምን ያህል ጊዜ፣ ቀጥሎ ምን እንደሚሆን። አባቴ መለሰ። ለአፍታ ይሸተዋል፤ ይተወዋል፤ ይወድቃል።

"የርስዎ ግን አይተውም፣ አይጥልም" አለ ባህሩ። "ይስሙኝ አባባ። የሌለ ነገር የሚሸተው ሰው ብዙ ነው። ጉንፋን ይይዘዋል፤ ጉንፋኑ ይለቀዋል፤ አፍንጫው ግን ወራት እየተሳሳተ ይቆያል። የሳይነስ ሕመም ያመጣል። የላይኛው መንጋጋ ጥርስ ሲበሰብስ መግሉ ወደ ጉንጭ አጥንት ገብቶ ይሸታል። ራስ ምታት ሊነሣበት ሲል የሚሸተው አለ። የአረም መድኃኒት ሲረጭ የከረመ፣ ራሱን የተመታ፣ የሚውጠው ኪኒን ያልተስማማው አለ። የሚጥል በሽታም ያመጣል፤ እብጠትም ያመጣል፤ እብጠቱ ግን ከስንት አንድ ነው። እርስዎ ከመጨረሻው ጀመሩ። እኔ ከበሩ ነው የምጀምር።"

"ከየትኛው በር?"

"ከአፍንጫዎ። ቀኙን በጣትዎ ይዝጉልኝና ይሳቡ።"

አባቴ ዘግቶ ሳበ። "ይሸታል። ጠበብ ይላል እንጂ ይሸታል።"

"አሁን ግራውን ይዝጉና በቀኝ ይሳቡ።"

ዘጋ። ሳበ። ከዚያ ሳይነቃነቅ ቀረ። ጣቱን አነሣ፤ መልሶ ዘጋ፤ እንደገና ሳበ። "የለም" አለ ቀስ ብሎ። "ሄደ።"

ባህሩ መብራቱን ወደ ግንባሩ አወረደ። ግራውን ቀዳዳ በመሣሪያ ከፍቶ ብዙ ጊዜ አየ። "ማስነጠስ ያበዛሉ? ቢጫ ፈሳሽ ይወርድዎታል?" አባቴ ይወርደኛል፣ ጉንፋን መስሎኝ ነው አለ። ባህሩ ማደንዘዣ ጠብ አደረገበት፤ ጠበቀ፤ ቀጭን መቆንጠጫ አስገባ። አባቴ የወንበሩን ክንድ ጨበጠ። ሲወጣ ባቄላ የሚያህል፣ ጥቁር አረንጓዴ የሆነ ነገር ይዞ ወጣ።

ክፍሉን ሽታ ሞላው። ባህሩ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አለ። ነርሷ ሄዳ መስኮቱን ከፈተች። እኔ በነጠላዬ አፍንጫዬን ያዝሁ።

አባቴ ዓይኑ እንባ አቅርሮ አንድ በአንድ አየን። "ሸተተህ?" አለ ባህሩን።

"ሸተተኝ፣ አባባ።"

"አንቺስ?"

"ሸቶኛል አባ።"

"አንቺስ፣ ልጄ?" አለ ነርሷን። እሷ መስኮቱ ላይ እንዳለች ራሷን ነቀነቀች።

"ይኼው ነው" አለ። "ይኼው ራሱ ነው።" ክፉ ሽታ ሌላም ሰው ስለሸተተው እንዲህ ደስ ያለው ሰው ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም አላየሁም።

ባህሩ ነገሩን በውኃ አለቅልቆ ብርሃን ላይ ያዘው። ቀዳዳ ቀዳዳ አለው። "ምንድን ነው ይኼ?"

አባቴ ጎንበስ ብሎ አየውና መዳፉን በግንባሩ ላይ አሳረፈ። "የትራክተር ወንበር ነው" አለ።

ነገሩ ሲገባን ማንም ሳቁን ሊይዝ አልቻለም። ያን ዕለት ያስነጠሰው ግማሹን ብቻ ነበር። ዘይት የጠጣው ሌላው ግማሽ እዚያው ተቀምጦ ሲሻግት ከረመ፤ አባቴም የሻገተ ዘይት ሲሸተው ከረመ። አፍንጫው አንድ ቀን እንኳ አልተሳሳተም ማለት ነው። የተሳሳተው ከየት እንደሚሸት ነው።

ማታ ቤት ገብተን ለእናቴ ስንነግራት እንደ እኛ አልሳቀችም። የነጠላዋን ጫፍ እያፍተለተለች ቆየችና "እኔስ ሸቶኝ ነበር" አለች።

"መቼ?"

"ማታ ማታ። ወደኔ ዞረህ ስትተኛ።"

"ታዲያ ምንም አይሸተኝም ስትዪ የነበረው?"

"ታዲያ ባሌ ሸተተኝ ልበልህ? ጥርስህ መስሎኝ። አፍሬ ነው።"

አባቴ አየት አደረጋት። "እኔ ወለል ስቆፍር አጠገቤ መብራት ይዘሽ ቆመሽ ነበር እኮ።"

"ወለሉስ ቢሆን መደልደል ነበረበት" አለች። ያን ጊዜ ሁለቱም ሳቁ። ስንት ሌሊት ጎን ለጎን ተኝተው እሱ ፍርሃቱን እሷ ሐፍረቷን ለየብቻ እንደ ተሸከሙ ሳስበው እስካሁን ይገርመኛል። የዚያን ሌሊት ግን አባቴ እስከ ረፋድ ተኛ።

ባህሩ የሚዋጥ መድኃኒትና በጨው ውኃ እንዲያጥበው አዘዘለት። ጠዋትና ማታ ደግሞ ሎሚና ቅርንፉድ በየተራ እያሸተተ ግራውን እንዲያለማምደው ነገረው። ቅርንፉዱን የሰጠው ሳሊም ነው፤ ነገሩን ሰምቶ መጋዘኑ በር ላይ ሆዱን ይዞ ከሳቀ በኋላ። ሽታው ሙሉ በሙሉ ጠፋ፤ አልተመለሰም። ይህን የምጽፈው እርግጠኛ ሆኜ ነው፤ ደጋግሜ ጠይቄዋለሁ።

አባቴ መጀመሪያ የሄደው ወደ ዙፋን ነው። ሰሊጧ ቤቷ እንደ ተከመረ ነበር። ደጃፏ ላይ ቆሞ "ሰሊጥሽ ንጹሕ ነበር። የሻገተው የኔ አፍንጫ ነው" አላትና ሁሉንም ነገራት፤ ስፖንጁንም።

ዙፋን ጨርሳ ሰማችው። "እኔንማ ውኃ ረጨች ብለውኛል። አሁን ለኔ ብቻ ቢነግሩኝ ምን ይረባኛል፣ ጋሼ ዋሴ?"

"ገበያ ቀን አምጪው" አለ።

በገበያ ቀን አመጣችው። አባቴ ሰሊጥ ሻጩና ገዢው በተሰበሰበበት ጆንያዋን ወጋ፤ አሸ፤ አሸተተ። ከዚያ ድምፁን ከፍ አድርጎ "ይግባ። ያን ጊዜም መግባት ነበረበት። አፍንጫዬ ውስጥ የትራክተር ወንበር ነበር" አለ። ሰው በሳቅ ፈረሰ። ጀይሉ ከጆንያው ሥር ሆኖ "ሞተሩስ የት አለ፣ አያ ዋሴ?" አለው። በዚያ ሳቅ የዙፋን ስም ነጻ ወጣ፤ ውኃ ረጨች የሚለው ወሬ በትራክተሩ ወሬ ተተካ። አባቴ ይህ ቀልድ ዕድሜ ልኩን ሲከተለው አንድም ቀን አልተቆጣም። ዙፋንም ቂም አልያዘችም። "ያን ቀን ቢነግሩኝ ኖሮ ሽንኩርት ቆርጬ ነበር የማስወጣልዎት" ትለዋለች።

ወደ ሥራው ተመለሰ። የለወጠው አንድ ነገር ብቻ ነው። ከዚያ ወዲህ ሰሊጥ ሲያሸት መጀመሪያ በቀኙ፣ ቀጥሎ በግራው፣ በመጨረሻም በሁለቱም ሆነ። ሁለቱ ካልተስማሙ "ይመለስ" አይልም፤ ሳሊምን ይጠራል። ለአቧራው በጨርቅ የሚታሰር መሸፈኛ ተገዛ። ሂላ በሚራገፍበት ወራት ደግሞ የዙፋንን ወንፊት እየተዋሰ ለቤታችን ምግብ የምንገዛውን ሰሊጥ ያሳልፍበት ነበር፤ እንደሷ ወንፊት ደቃቅ አፈር የሚለይ የለም ይል ነበር።

ኅዳር 9 ቀን 2017፣ በሞቱ ዋዜማ፣ ከሥራ እንደ ወጣ ያን ወንፊት አራግፎ ይዞላት ሄደ። ዙፋን ሰሊጧን በማግሥቱ ወደ ሳሊም መጋዘን ልታስጭን ጆንያ ስትሞላ ደረሰ። አንድ ጭብጥ ዘገነችና በመዳፉ ላይ አፈሰሰችለት። እፍ አለው፤ አሸው፤ በቀኙ አሸተተ፤ በግራው አሸተተ። "ይግባ" አላት። ከዚያ ወንፊቱን ከግድግዳው ምስማር ላይ ሰቅሎላት ወደ ቤቱ ተመለሰ።